በቢሮ የቀለም ፕሪንተር ከርቀት ፕሩፍ ማጽደቅ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ማተሚያ ቤታችን አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ደንበኞቻችን በካዛንቺስና በሜክሲኮ ዙሪያ ቢሮ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። ቀደም ሲል ለእያንዳንዱ ሥራ ፕሩፍ (ዋናው ህትመት ከመጀመሩ በፊት ደንበኛው አይቶ የሚያጸድቀውን ናሙና) አድርሶና አስፈርሞ የሚመለስ ሠራተኛ እንልክ ነበር። አሁን ኤ3 የሚያትም የቢሮ የቀለም ሌዘር ፕሪንተር ገዝተን፣ ያንኑ ሞዴል ከገዛ ቋሚ ደንበኛችን ጋር አንዱን ፒዲኤፍ በሁለቱም ቦታ እናትማለን። በጋውንም ክረምቱንም ስለሠራንበት ጠባዩን በደንብ አውቄዋለሁ።

ለፊደል እርማት፣ ለገጽ አቀማመጥና ለፎቶ አቆራረጥ እንከን አይወጣለትም። ፈተናው ቀለም ላይ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን፣ ማለትም የዱቄት ቀለሙን፣ በኤሌክትሪክ ሙል ወደ ወረቀት አሸጋግሮ በሙቀት ስለሚያጣብቅ፣ የአየሩና የወረቀቱ እርጥበት ሲለዋወጥ የሚያርፈው የቶነር መጠንም ይለዋወጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት የታተመ የሰው ፊት ከሰዓት በኋላ ከታተመው ጋር ሲተያይ ቅላቱ ይለያል። ስለዚህ አንድ ማሽን አድምቆ ማተሙ ለፕሩፍ አይረባም፤ የሚፈለገው ዛሬም ነገም፣ እኛም ዘንድ ደንበኛውም ዘንድ፣ አንድ ዓይነት ማተሙ ነው።

ትልቅ እፎይታ የሰጠን በእያንዳንዱ ፕሩፍ ጠርዝ ላይ የምናስገባው ምልክት ነው። ሁለት ግራጫ አራት ማዕዘኖች ጎን ለጎን ይታተማሉ፦ አንዱ 50 በመቶ ጥቁር ብቻ፣ ሌላው 50 በመቶ ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ 40 በመቶ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) እና 40 በመቶ ቢጫ። ፕሪንተሩ ለአርት (ለተለበጠ) ወረቀት የሚያገለግለውን የፎግራ 39 ፕሮፋይል፣ ማለትም በዚያ ወረቀት ላይ የኦፍሴት ህትመት ቀለሞች ምን እንደሚመስሉ የሚገልጸውን ፋይል፣ አስመስሎ እንዲያትም ስላዘጋጀነው፣ ሁለቱ ግራጫዎች ሊቀራረቡ ይገባል። ሁለተኛው ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ካደላ፣ ደንበኛው ስለ ፎቶዎቹ አስተያየት ከመስጠቱ በፊት የማሽኑን ካሊብሬሽን (የቀለም ማስተካከያ) እንዲደግም በስልክ እንጠይቀዋለን። ይህን ለማየት ዓይን ይበቃል፤ ውድ መለኪያ አያስፈልግም። ፖስትስክሪፕት (ገጽን ለፕሪንተር የሚገልጽ ቋንቋ) የማይቀበልና ፕሮፋይል የማይጫንበት ርካሽ ፕሪንተር ግን ለዚህ ሥራ ባይገዛ እመርጣለሁ።

ብርሃንም ሊዘነጋ አይገባም። ዓለም አቀፉ የአይኤስኦ 3664 ደረጃ ህትመት በ5000 ኬልቪን፣ ማለትም የቀን ብርሃን በሚመስል ነጭ ብርሃን፣ እንዲታይ ይጠይቃል፤ በቢጫ አምፖል ሥር የታየ ፕሩፍ ሌላ ሥራ ይመስላል። ቶነሩም ካለቀ በዚያው ዓይነት ይተካ፤ ሌላ ዓይነት ሲገባ ፕሮፋይሉን እንደገና መሥራት ግድ ነው።

ይህም ሆኖ የአይኤስኦ ደረጃዎች ውል የሚታሰርበትን ፕሩፍ በ12647-7፣ ለማረጋገጫ የሚሆነውን ህትመት ደግሞ በ12647-8 ለይተው አስቀምጠዋል፤ የቢሮ ፕሪንተር ሊጠጋ የሚችለው ሁለተኛውን ነው። የቶነሩ አንጸባራቂነትም የኦፍሴት ቀለም ባልተለበጠ ወረቀት ላይ ሲሰርግ የሚኖረውን መልክ አያሳይም። ዓመታዊ ሪፖርቶችን ያለ ሥጋት በዚህ መንገድ እናጸድቃለን፤ የዓርማ ቀለም የሚወስንባቸውን የማሸጊያ ሥራዎች ግን ዛሬም ለፕሩፍ በሚያገለግል ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ) ፕሪንተር አትመን በሰው እጅ እንልካለን።