የጎዳና ፋሽን ካታሎግ፦ አንጸባራቂ ወረቀት ወይስ ሻካራ?

ከጎዳና ባህል የተቀዳ ልብስ ካታሎግ ሲታተም ብዙ የሚያጨቃጭቀው ወረቀቱ ነው።

ቀለም፦ አንጸባራቂው ቀለሙን ከላይ ስለሚይዝ ከሞዴሉ ጀርባ ያለው የግድግዳ ሥዕል ደምቆ ይወጣል። ሻካራው ይመጠዋል፤ ጥቁር ሁዲ የለበሰ ሞዴል ጨለማ ግድግዳ ፊት ከቆመ የኪሱ ስፌት ሳይቀር ይጠፋል። ፎቶውን ቀድሞ ማፍካት ግድ ነው። ኒዮን (የሚያበራ የሚመስል ደማቅ ቀለም) ግን በተለመዱት 4 የማተሚያ ቀለሞች በሁለቱም ላይ አይወጣም፤ ልዩ ቀለም ይጠይቃል።

ስሜት፦ እዚህ ላይ አዳላለሁ። ሻካራው ሲዳሰስ በፎቶ ኮፒ የተባዛ የወጣቶች መጽሔት ይመስላል፤ ማርከርም ይይዛል። አንጸባራቂው አሻራ ይለቅማል፣ መብራት ስር ያብለጨልጫል።

ወጪ፦ በሁለቱም የገጽ ብዛት ወሳኝ ነው። መሃሉ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ ገጹ ለ4 ይካፈል፤ 30 ገጽ ይዘው ቢሄዱ 32 ይሆናል።

አደጋ፦ ሻካራው ስክሪን ላይ ከታየው ይደበዝዛል፤ በዚያው ወረቀት ናሙና ሳያዩ እሺ አይበሉ። ወፍራም አንጸባራቂ ደግሞ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ገዢው ጥልፉንና ዚፑን አይቶ የሚያዝ ከሆነ አንጸባራቂው ይሻላል። ድባቡን ለሚሸጥ ሻካራው። ሁለቱም ካስፈለጉ መሃሉን 8 ገጽ ብቻ አንጸባራቂ ማድረግ ይቻላል።