ወላጅ ወደ ውጭ የምትልኩ ተጠንቀቁ፦ ትኬት ቆራጮች እናቴን ያለ እረፍት አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ጣሏት

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ እናት አባት ወደ ውጭ ለመላክ ትኬት ልትቆርጡ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት። ከትኬት ቢሮው የወጣሁት አሁን ነው፤ እጄ ገና እየተንቀጠቀጠ ነው።

እህቴ የምትኖረው ቦሊቪያ፣ ላፓዝ ነው። በቅርቡ ወለደች። እማዬ ልታርሳት ተነሳች፤ የገንፎው ዱቄትና ቅቤው ቪዛው ሳይመጣ ነው ተዘጋጅቶ ያለቀው። አሳሳቢው ነገር ከፍታው ነበር። እኛ ጅማ ያለነው 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የላፓዝ መሀል ከተማ 3,600 ሜትር ይደርሳል፤ ኤርፖርቱ ደግሞ ከከተማው በላይ ኤል አልቶ የሚባል ቦታ ላይ ነው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። የራስ ዳሸን ጫፍ 4,550 መሆኑን አስቡት። እማዬ ደግሞ ግፊት አለባት። ሐኪሟ መሄዱን አልከለከላትም፤ ግን በአንድ ቀን እንዳትወጣ፣ መሀል ላይ እንድታርፍ በግልጽ ተናገረ።

የእህቴ ባል የአገሩ ልጅ ስለሆነ መንገዱን እሱ ነገረን። ከብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ወደ ቦሊቪያዋ ሳንታ ክሩዝ፤ እሷ ቆላ ናት፣ 400 ሜትር ገደማ። ከዚያ ኮቻባምባ፣ 2,560 ሜትር፣ አየሩ ለኛ ሰው የሚስማማ። እሱ እዚያው ሄዶ ይቀበላታል፣ ሁለት ሦስት ቀን አብረው ይቆያሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ላፓዝ። ቤታቸውም በከተማው የታችኛው ክፍል ስለሆነ ከኤርፖርቱ ብዙ ዝቅ ይላል። ሁሉም ነገር የታሰበበት ነበር።

የትኬት ቢሮዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። በሩ ላይ የአውሮፕላን ስቲከር፣ ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ፣ ገና ሳትቀመጡ «ቡና ይምጣ?» የሚል ልጅ። ለዚህ ልጅ ነገሩን ከነምክንያቱ አስረዳሁት። የሐኪሙን ወረቀት አሳየሁት። በራሱ እጅ «ሳንታ ክሩዝ፣ ኮቻባምባ፣ እረፍት፣ ላፓዝ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። «እህቴ፣ እማማን እንደ እንቁላል ይዘን ነው የምናደርሳቸው» አለኝ። በኮቻባምባ በኩል ሲሆን ዋጋው ይጨምራል አለ፤ ጭማሪውን ከፈልኩ። ከዚያ በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ እስከ ሳኦ ፓውሎ ያለውን ብቻ ያሳያል። «የቀረውስ?» ስለው «ሲስተም ነው፣ ሙሉው ቦሌ ላይ ይወጣላቸዋል፣ አታስቢ።»

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እህቴ እያለቀሰች ደወለች። ባሏ ኮቻባምባ ኤርፖርት ቆሞ ይጠብቃል፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ አልቋል፣ እማዬ የለችም። እሷ ለካ ላፓዝ ወርዳለች። ብቻዋን። ሳንታ ክሩዝ ላይ ዊልቸር የምትገፋው ልጅ ትኬቱ ላይ ወደተጻፈው በር ወሰደቻት፤ እማዬ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ሌላ ቋንቋ ስለማትችል ምን ብላ ትጠይቅ? ኤል አልቶ ላይ መሬት ተቀምጣ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነው ያገኟት። የእህቴን ስልክ በወረቀት ጽፌ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥሬላት ነበር። የኤርፖርቱ ሰዎች ቋጠሮውን ፈተው ደወሉ፣ ኦክስጅን ሰጧት። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሲነጋ ቢሮው በር ላይ ነበርኩ። ልጁ ስልኩን እየነካካ «በረራው ተቀይሮ ይሆናል» አለኝ። አሳየኝ አልኩት። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረው። ሳኦ ፓውሎ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ላፓዝ። ኮቻባምባ የሚል የለም። ከላይ ትኬቱ የተቆረጠበት ቀን ተጽፏል፤ ገንዘቡን የከፈልኩበት ዕለት ነው! ልጁ ዓይኔ ቀኑ ላይ ማረፉን ሲያይ ገጹን ወደ ታች ገፋው። ምንም የተቀየረ በረራ የለም። ብሩን እየቆጠረ «ኮቻባምባ» ሲለኝ፣ ያን ቀን ከሰዓት በርካሹ ቀጥታ ቆርጦ፣ ልዩነቱን ኪሱ ከቶ፣ ለእኔ የመጨረሻው ክፍል የጎደለ ፎቶ ልኳል።

«እናቴ ልትሞት ነበር» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ላፓዝ ነው የሚሄዱት አልሽ፣ ላፓዝ ደረሱ። ምን ጎደለ? ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን የተራራ ሰዎች ነን፣ ከፍታ አይነካንም።» አጠገቡ ያለችው ልጅ ሳቀች። ከዚያ ቀጣዩን ሰው «ግቡ አባቴ፣ ቡና ይምጣ?» አለቻቸው፤ እኔ እዚያው ቆሜ። አንጀቴን ያቃጠለው ይሄ ነው። ባለጉዳዩ ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸውም ፓስፖርት ይዘዋል።

የተራራ ሰዎች ነን የሚለውን ወሬ እባካችሁ አትስሙ። ከ2,500 ሜትር በላይ ሳይለማመድ የወጣ ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠር ሊይዘው ይችላል፤ ከባሰም ሳንባና አንጎል ላይ ውሃ ይቋጥራል። የጅማ ወይና ደጋ ለዚያ ከፍታ አያዘጋጅም።

እማዬ አሁን እህቴ ቤት ናት፣ ታች በመውረዷ ትንሽ ተሽሏታል። ግን ጋደም ብላ መተኛት አልቻለችም። አራስ ልትጠይቅ የሄደችውን አራሷ እያስታመመቻት ነው።

ትኬት ስትቆርጡ ይህን እወቁ፦ ሪዘርቬሽን፣ ማለትም ቦታ መያዝ ብቻ፣ ትኬት አይደለም። 13 አሃዝ ያለውን የትኬት ቁጥር ጠይቁ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። የሪዘርቬሽኑን ባለ ስድስት ፊደል ኮድ ተቀብላችሁ፣ ብር ሳትጨርሱ፣ እያንዳንዱን መውረጃ ራሳችሁ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ እዩ። ደረሰኙ የማሽን ይሁን፤ የኔ በእጅ የተጻፈ ነው።

ልጁ የጻፈው ወረቀትና የቴሌግራሙ መልእክት እጄ ላይ ናቸው፣ ነገ ጠዋት ንግድ ጽህፈት ቤት ይዣቸው እገባለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።