የሞት መዝገብ ፍለጋ በጎንደር፦ ቀበሌው ምን ያህል ይረዳል?

ዘሩን ለመቁጠር ብሎ ቀበሌ የሚሄድ ሰው ብዙ አይመስለኝም። እኔ ሄጃለሁ። የአያቶቼንና የዘመዶቻቸውን የሞት ቀን በጽሑፍ ማግኘት ፈልጌ ነበር።

በቅድሚያ ይህን ያዙ፦ የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ) አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ያረፉትን በአብዛኛው አታገኟቸውም። ከዚያ ወዲህ ያሉትም ሁሉም የሉም። ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፣ ግን የውርስ ወይም የጡረታ ጉዳይ ካልመጣ በቀር ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ማን ቀበሌ ይሄዳል?

የሄድኩበት ቢሮ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለውርስ ነው?» ብሎ ነው። ለዘር ሐረግ ስል ግራ ተጋቡ። ቀኑን በትክክል ካላወቅህ መዝገቡን ማገላበጥ አንችልም አሉኝ፣ ቀኑን ለማወቅ የመጣን ሰው! ይሄ በጣም አናዶኛል። ዝምድናዬን ካሳየሁ በኋላ ግን የክብር መዝገብ ሹሟ (መዝጋቢዋ) ከልቧ ረዳችኝ፣ የአንዱን አጎቴን አገኘችልኝ። እሱ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ሦስቱም ስም በአንድ ወረቀት ላይ። ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለቀደሙት የጠቀመኝ ሌላ መንገድ ነው። እኛ ቤት ማንም ቀን በቁጥር አይነግርህም። «በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ዘመኑ ማቴዎስ ነበር» ይሉሃል። ይህን አትናቁት። የኅዳር ሚካኤል 12 ነው፣ ማግስቱ 13። ዘመነ ማቴዎስ ደግሞ በ4 ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ «ደርግ ሳይወድቅ፣ በድርቁ ሰሞን» ካሏችሁ 1977 ላይ ትደርሳላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ስትጠይቁ የክርስትና ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፍትሐት የሚደረገው በዚያ ስም ስለሆነ በዓለማዊ ስሙ ካህናቱ ላያስታውሱት ይችላሉ።

አሜሪካ ያረፈ ዘመድ ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። ፋሚሊሰርች የሚባል ነፃ ድረ ገጽ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና) የሞት ማውጫ አለ፣ ስም አስገብታችሁ የልደትና የሞት ቀን ታያላችሁ፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃችሁም። የቅርብ ዓመታቱን ሞት ግን እዚያ አትጠብቁ። ስሙ በእንግሊዝኛ በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ ደግሞ ደጋግማችሁ ሞክሩ።

ለቀበሌው ከ5 ውስጥ 2 እሰጠዋለሁ። ሠራተኞቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፣ መዝገቡ በስም የሚፈለግበት መንገድ ስለሌለው ነው። ለእድር 4። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ የድሮውን ደብተር ሲያወጡልኝ ለቀብር የተከፈለው ገንዘብ ከነቀኑ ተጽፎ አገኘሁ፣ ቀበሌው የሌለው ሁሉ እዚያ ነበር። እናንተም ከሄዳችሁ ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ፣ የአንዳንዱ ደብተር ቀለም እየደበዘዘ ነው።