ለክሮውለር ሻንሲ የፍሬን ቱቦ፦ ተራው ብረት ወይስ መዳብ-ኒኬሉ?

በሪሞት ለሚነዳ ድንጋይ ወጪ መኪና፣ ክሮውለር ለሚባለው፣ የቱቦ ሻንሲ በእጁ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የፍሬን ቱቦ ነው። የውጭ ስፋቱ 4.76 ሚሊ ሜትር፣ በኢንች 3/16፤ የግድግዳው ውፍረት 0.71 ሚሊ ሜትር። አሜሪካ ያላችሁ መኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ በ25 ጫማ ጥቅል፣ ማለትም 7.62 ሜትር፣ ታገኙታላችሁ። አገር ቤትም እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ በብዙ ቶዮታዎች ሥር የተዘረጋው የፍሬን መስመር ይኸው 4.76 ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ይቀመጣል፦ ተራው ብረትና መዳብ-ኒኬሉ። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ያሞግሳል። ለፍሬን ከሆነ ልክ ነው፤ ለሻንሲ ግን ብረቱን ውሰዱ።

ድፍን ዘንግስ ለምን አይሆንም? አንድ ሜትር የብረት ቱቦ 71 ግራም ገደማ ይመዝናል። እኩል ስፋት ያለው ድፍን ዘንግ 140 ግራም ይደርሳል፤ በግትርነት ግን ቱቦውን የሚበልጠው በሲሶ ያህል ብቻ ነው። ክብደት እንቀንስ ብለው ላይኛውን ኬጅ፣ ማለትም መኪናው ሲገለበጥ የሚከልለውን የቱቦ አጥር፣ በ3.2 ሚሊ ሜትር ድፍን ዘንግ የሚሠሩም አሉ። አያዋጣም። ያ ዘንግ በሜትር 63 ግራም ነው፤ 8 ግራም ለማትረፍ የቱቦውን ሩብ ያህል ግትርነት ብቻ ይዞ መቅረት ነው። መካከለኛ የባጊ፣ ማለትም ሙሉ አካሉ ከቱቦ የተሠራ መኪና፣ ሻንሲ ከ4 እስከ 5 ሜትር ቱቦ ይፈልጋል፤ ጆሮዎቹ፣ ማለትም ሾኩ (ምት አብራጁ) የሚታሰርባቸው የላሜራ ቁርጥራጮች፣ ሳይቆጠሩ ከ285 እስከ 355 ግራም ማለት ነው። ከጥቅሉ የሚተርፈው ለልምምድ ይሆናል፣ መለማመዱም ግድ ነው።

መዳብ-ኒኬሉ ለእጅ ይጥማል። መዳቡ 90 በመቶ፣ ኒኬሉ 10 በመቶ ገደማ ነው። በትንሽ ጉልበት ይታጠፋል፣ አይዝግም፣ ልባስ ስለሌለው በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ወዲያው ቱቦዎቹ ለሚጋጠሙበት የብር ብየዳ ይደርሳል። ጉድለቱም ከዚሁ ልስላሴ የሚመጣ ነው። ግትርነቱ ከብረት በሲሶ ያህል ያንሳል፣ ክብደቱ ደግሞ ይብሳል፦ በሜትር 80 ግራም። መኪናው ተገልብጦ በጣሪያው ሲያርፍ ብረቱ ትንሽ ተለምጦ ይመለሳል፤ መዳብ-ኒኬሉ እንደተጣመመ ይቀራል። የሾኩ ላይኛ ጆሮ ያለበት ቱቦ አንዴ ወደ ውስጥ ከገባ ግራና ቀኙ እኩል አይቆምም፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በእጅ ቢቃናም በሚቀጥለው ምት እዚያው ላይ ይታጠፋል። ለመቀመጫ፣ ለመብራት መደገፊያ፣ ለጣሪያ ዕቃ መጫኛ ግን ከእሱ የሚሻል የለም። ስቴንለሱን በዚህ ሥራ ለጀማሪ አልመክርም፤ በታጠፈ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፣ ነጩ ፍላክስም (ሲበየድ ብረቱን የሚያጸዳው ቅባት) ስለማይበቃው ጥቁሩን ይፈልጋል።

ብረቱን ስመርጥ ግን አንድ ክፉ ጠባዩን አልደብቅም፤ እሱም ልባሱ ነው። አንዳንዱ በዚንክ ብቻ የተለበጠ ነው፣ አንዳንዱ በላዩ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ይደረብበታል። ከነዚህ ፕላስቲኮች ፒቪኤፍ የሚባለው ሲቃጠል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይለቃል፣ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። የዚንክ ጢስም ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያስይዛል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መጋጠሚያ ግራና ቀኝ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ያህል የሚያበራ ብረት እስኪታይ ይፋቃል፣ በአሴቶን ይጠረጋል፣ በደንብ እስኪደርቅ ይቆያል። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ በፍጹም አይጠረግ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት በእሳት ፊት ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ልባስ የሌለው ካገኛችሁ ጥቂት ቢወደድም እሱን ግዙ። የተቆረጠውን ጫፍ ያየ ሰው ቱቦው ተጠቅልሎ በመዳብ የተጣበቀ ቆርቆሮ መሆኑን አይቶ ይደነግጥ ይሆናል። ስጋት የለውም፤ መዳቡ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ የብር ብየዳ እዚያ አይደርስም።

ማጠፊያው ልክ የ3/16 ቦይ ሊኖረው ይገባል። በ1/4 ቦይ የታጠፈ ቱቦ ይጠፈጠፋል፣ የተጠፈጠፈበት ቦታም መጀመሪያ የሚታጠፈው ነው። ከመቁረጥ በፊት ይህን አስቡ፦ በ15 ሚሊ ሜትር ራዲየስ የታጠፈ 90 ዲግሪ፣ ማዕዘን ለማዕዘን ከተለካው ርዝመት 6.4 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። አራት መታጠፊያ ባለው ቱቦ ላይ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል፤ አብዛኛው ጀማሪ ጎኖቹ ለምን ረዝመው እንደወጡ የሚገረመው በዚህ ነው። ብረቱ ሲለቀቅ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ትንሽ አሳልፎ ማጠፍ ነው። ግራና ቀኙ ተከታትለው ይታጠፉ፣ ቀጥሎም ተደራርበው ይታዩ። የግራውን ጎን ጨርሶ ስለ ቀኙ ማሰብ የጀመረ ሰው ሁለት የተለያዩ ጎኖች ይዞ ይቀራል።

ቱቦ ከቱቦ ጎን የሚጋጠምበት ጫፍ የዓሣ አፍ መስሎ መሞረድ አለበት። ለዚህ የተሠራ የሚመስል መሣሪያ አለ፦ የሞተር መጋዝ ሰንሰለት የሚሳልበት 4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ። ቱቦው 4.76 ስለሆነ ቅርጹ ራሱ ይወጣል። ክፍተቱ ከ0.05 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብሩ በራሱ ተስቦ ይገባል። ከዚያ ሲሰፋ መጋጠሚያው ብር ይበላል እንጂ አይጠነክርም።

ስለ መበየጃው የብር ዘንግ ካነሳን፣ 45 በመቶ ብር ያለው ከ677 እስከ 743 ዲግሪ ይቀልጣል፤ 56 በመቶው ከ618 እስከ 652። ሁለቱን ባንድነት መግዛት ይመከራል። ዋናው አካል በ45ቱ ይበየዳል፣ ጆሮዎቹ በኋላ በ56ቱ፤ እንዲህ ሲሆን የቀደመው መጋጠሚያ ሳይቀልጥ የኋለኛው ይፈስሳል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 25 ዲግሪ ብቻ መሆኑን ግን አትርሱ፤ አጠገቡ ያለውን መጋጠሚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ፍላክሱ እንደ ውኃ ጠርቶ ሲያበራ 600 ዲግሪ አካባቢ ተደርሷል ማለት ነው፣ ዘንጉ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። እሳቱ ቱቦውን እንጂ ዘንጉን አያሙቅ። በ221 ዲግሪ የሚቀልጠው፣ 4 በመቶ ብር ያለው የቆርቆሮ ሶልደር “ብር” ተብሎ ስለሚሸጥ ብዙዎችን ያሳስታል። ለጌጥ ቱቦ ይሆናል፤ ሊንክ (አክስሉን ከሻንሲው የሚያያይዘው ዘንግ) ወይም ሾክ የሚይዝ ቦታ ላይ ግን ይለቃል።

ሁለቱም ጫፉ የሚታፈን ቱቦ ካለ 1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በማይታይ በኩል ይበሳለት። ያለዚያ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ በመጨረሻው መጋጠሚያ በኩል ይወጣል፣ የቀለጠውን ብር እየገፋ መርፌ ቀዳዳ ይተዋል፤ የቱንም ያህል ብር ቢጨመር አይደፈንም።

አክሲያል በሚባለው ኩባንያ የሪሞት ክሮውለር፣ በኤስሲኤክስ10 ሁለተኛ ትውልድ፣ አክስሎች ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከአክስል እስከ አክስል 313 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሾኩም ተዘርግቶ 90፣ ተጨምቆ 61። የላይኛውን ጆሮ ቦታ ወረቀት ላይ አትወስኑ፤ ሾኩን በ61 አስራችሁ ጎማው ቱቦውን አለመንካቱን እዩ፣ ጎማውንም እስከ መጨረሻው አዙሩት። ጆሮው ከ1.5 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይቆረጥ፣ በ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሦስት ቀዳዳ ይኑረው። ጥንድ ጆሮ ሲበየድ በመካከሉ የኤም3 ብሎን ገብቶ ቢያዝ ቀዳዳዎቹ አይዛነፉም፤ ብሎኑ ግን መጀመሪያ በለስላሳ የጽሕፈት እርሳስ በደንብ ይቀባ፣ አለበለዚያ አብሮ ይበየዳል።

የቀረው ፍላክስ መስታወት መስሎ ስለሚደርቅ በሙቅ ውኃና በሽቦ ብሩሽ ይታጠባል። ሳይታጠብ ቀለም ከተቀባ ቀለሙ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ይላጣል፣ ሥሩ ያለው ብረትም ይዝጋል። ልባሱ ስለተፋቀ ብረቱ ራቁቱን ነው፤ ታጥቦ እንደደረቀ በዚያው ቀን ፕራይመር ይቀባ።