ከፍለጋው በፊት የሚመጣው ጥያቄ፦ የአንድ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ግምገማ

ይህ ግምገማ በአንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች ስለሚሰጠው የጽሑፍ ፍለጋ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ቦታውን የሚጠቁም ሰሌዳም የለውም። ከንባብ አዳራሹ በስተጀርባ፣ የቆዩ ጆርናሎች ጥራዝ በጥራዝ ከተደረደሩበት ክፍል አጠገብ አንዲት ባለሙያ ተቀምጠው ያስተናግዳሉ። እኔና ባልደረቦቼ፣ ማለትም ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያና አንድ የስታቲስቲክስ መምህር፣ ከሦስት ተቋማት ተውጣጥተን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ) እና ኤችአይቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ስለሚከተለው ውጤት ሲስተማቲክ ሪቪው፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በተወሰነ ዘዴ ፈልጎና ሰብስቦ የሚመዝን ጥናት፣ ለመሥራት ተነስተን ነበር። እውነቱን ለመናገር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሄድነው ምክር ፈልገን ሳይሆን፣ ማውረድ ያቃተንን ጥቂት ጽሑፎች እንዲያወጡልን ነው። ፍለጋውን እኛው ጨርሰነዋል ብለን ነበርና።

ባለሙያዋ ዝርዝራችንን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና፣ “ዶክተር፣ እነዚህን አወጣላችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጥያቄያችሁን ንገሩኝ” አሉኝ። ጥያቄያችንን የምናውቀው መስሎን ነበር። በሽታው በላቦራቶሪ የተረጋገጠላቸውን ብቻ ነው ወይስ በምልክት የታከሙትንም? ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ለሥራ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ከነዋሪው ለይተን እናያለን ወይስ አንድ ላይ? የምንለካው ሞትን ነው፣ ማገርሸትን ወይስ ሁለቱንም? ይህ ንግግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። ከመካከላችን ሁለታችን “አገረሸ” ለሚለው ቃል የተለያየ ትርጉም ይዘን፣ አንዳችን በስድስት ወር ውስጥ ሌላችን በዓመት ውስጥ እያልን፣ ለወራት አብረን መሥራታችንን ያወቅነው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በስልክም በኢሜይልም ስንገናኝ አንድም ቀን አልተነሳም፤ ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው ሲጠይቀን ግን ወዲያው ወጣ። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ውጤት ነበር።

ፍለጋውም ቢሆን እኛ ከሠራነው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። እኛ ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ዳታቤዝ ላይ የበሽታውን ስም ጽፈን፣ “ኢትዮጵያ” የሚል አክለን፣ የወጣውን ሰብስበን ነበር። ፐብሜድ ለየጽሑፉ በሚሰጡት፣ ሜሽ በሚባሉት ርዕሰ ቃላት ስለሚመራ፣ ካላ አዛር ብሎ የጻፈ ሰው በሽታው በሌላኛው ሳይንሳዊ ስሙ የተመዘገበባቸውን ጽሑፎችም እንደሚያገኝ እናውቅ ነበር። ያላወቅነው፣ ገና ርዕሰ ቃል ያልተሰጣቸው አዳዲስ ጽሑፎች በዚህ መንገድ ሊያመልጡ እንደሚችሉና፣ ስለዚህም ርዕሰ ቃሉን በአርእስትና በአብስትራክት ውስጥ ካሉት ተራ ቃላት ጋር ጎን ለጎን መፈለግ እንደሚያስፈልግ ነው። ቃል ለማሳጠር ያስገባናት ኮከብ ምልክት ፐብሜድ በራሱ የሚሠራውን ርዕሰ ቃል የማዛመድ ሥራ እንደምታስቆም ሲነግሩን፣ የስታቲስቲክስ መምህራችን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

ከዚያ ወደ አገራችን ጣጣ መጡ። ጎንደርን አንዱ ጸሐፊ በእንግሊዝኛው “ኤ”፣ ሌላው በ“ኢ” ይጽፋታል፤ መተማ አንዱ ጋ ባለ አንድ፣ ሌላው ጋ ባለ ሁለት “ኤም” ናት፤ የመቀሌን አጻጻፍ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ስለመኖሩም እጠራጠራለሁ። ባለሙያዋ እነዚህን ሁሉ ባለፉት ዓመታት እየመዘገቡ ያጠራቀሙበት ፋይል አላቸው፤ ለእኛም ከዚያው ቀድተው ወደ ፍለጋው አስገቡልን። የአባት ስም በውጭ ዳታቤዞች የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚመዘገብ፣ አንዳንዴም ስሙ ስለሚገለበጥ፣ የአንድ ተመራማሪ ሥራ በሁለት ሰዎች ስም ተበትኖ እንደሚገኝም አሳዩን። እንዲህ ያለውን ነገር ከየትኛውም የውጭ መመሪያ አናገኘውም ነበር።

አንድ ነገር በተለይ አልረሳውም። ከፍለጋው ማግሥት ባለሙያዋ ወደ ጥራዞቹ ክፍል ወሰዱኝና፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ጥራዝ አወረዱ። ጆርናሉ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሲታተም የኖረ ነው። ማውጫውን በጣታቸው እየተከተሉ፣ በዝርዝራችን ውስጥ ያልነበረ አንድ የቆየ የሕሙማን ዘገባ አሳዩኝ። ለሪቪያችን መሥፈርት ባይበቃም ለመግቢያችን ጠቅሞናል። ዳታቤዝ ውስጥ አለመኖር ጨርሶ አለመኖር ማለት እንዳልሆነ የሚያስታውስ ከባድ ታሪክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ የአስም ጥናት፣ ሄክሳሜቶኒየም የተባለውን መድኃኒት በትንፋሽ የወሰደች የ24 ዓመት ጤናማ ፈቃደኛ ሕይወቷ አልፏል። መድኃኒቱ ሳንባን እንደሚጎዳ የሚጠቁሙ ጽሑፎች በ1950ዎቹ ታትመው ነበር፤ በወቅቱ ፐብሜድ ወደኋላ የሚደርሰው ግን እስከ 1966 ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ይህን ታሪክ ደጋግመው ማንሳታቸው አያስገርምም።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። አገልግሎቱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ስለቆመ ተራችን እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ጠብቀናል፤ በፈተና ሰሞን ደግሞ ባለሙያዋ አዳራሽ እንዲቆጣጠሩ ስለሚመደቡ ሥራችን ለአሥር ቀን ቆሟል። ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍትን ወንበርና ጸጥታ አድርጎ የሚያይ አስተዳደር ጥፋት ነው። የፍለጋ ስልትን ሌላ ባለሙያ እንዲመረምረው የሚመክር ፕሬስ የተባለ መመሪያ አለ፤ እዚህ ግን ሁለተኛ ባለሙያ ከየት ይምጣ? ኮሌጁ ኢምቤዝ ለተባለው ሌላ የሕክምና ጽሑፎች ዳታቤዝ ስለማይከፍልም ያን ዳታቤዝ የፈለግነው ውጭ ባለ የቡድናችን አባል በኩል ነው። ሙሉ ጽሑፎችን በማግኘት ረገድ ግን ብዙም አልተቸገርንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ለታዳጊ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን የሚያቀርበው ሂናሪ ኢትዮጵያን በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ስለሚመድባት፣ ኢንተርኔት ባለበት ቀን አብዛኛው ወጥቶልናል።

የተረከብነው ሥራ ንጹሕ ነበር። በየዳታቤዙ የተጻፈው ሙሉ የፍለጋ መስመር፣ የተፈለገበት ቀንና የተገኘው ብዛት በአንድ ሰነድ ሰፍሯል፤ የተደጋገሙት ተጣርተው ዞቴሮ በተባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም ተሰጥተውናል። ፍለጋን እንዴት መዘገብ እንደሚገባ የሚዘረዝረው ፕሪዝማ ኤስ 16 ነጥቦች አሉት፤ የጆርናሉ ገምጋሚዎች ስለ ፍለጋው አንድም ጥያቄ አላነሱም።

በመጨረሻ የስም ጉዳይ መጣ። ከመካከላችን አንዱ ምስጋና ላይ ማስፈር ይበቃል አለ። እኔ አልተስማማሁም። የአሜሪካው የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሲስተማቲክ ሪቪው መስፈርት ከሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጋር መሥራትን አስፍሯል፤ በ2015 በጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ኤፒዲሚዮሎጂ የወጣ ጥናትም ባለሙያዎቹ በጸሐፊነት የተካተቱባቸው ሪቪዎች የተሻለ የፍለጋ ጥራት እንዳላቸው አሳይቷል። ክርክሩን የፈታው ግን ይህ ሳይሆን ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ኮሚቴ ለጸሐፊነት ያስቀመጣቸው አራት መሥፈርቶች ናቸው። ባለሙያዋ በጥናቱ ዕቅድ ተሳትፈዋል፤ የዘዴውን ክፍል ጽፈዋል፤ የመጨረሻውን ረቂቅ አጽድቀዋል፤ ለሥራውም ተጠያቂነት ወስደዋል። አራተኛ ጸሐፊ ሆነው ገቡ፤ ምስጋና ይበቃል ያለው ባልደረባችንም የስማቸውን አጻጻፍ ራሳቸውን ጠይቆ አስተካከለ።

አገልግሎቱን ለመጠቀም የሚያስብ ቡድን ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የጥናት ዕቅዱን፣ የሪቪው ዕቅዶች በሚመዘገቡበት በፕሮስፔሮ ከማስመዝገቡ በፊት ቢሄድ ይመረጣል፤ እኛ ከተመዘገበ በኋላ ሄደን ሁለት ጊዜ አሻሽለነዋል። አስቀድመው ያገኟቸውን፣ ሪቪው ውስጥ መግባት ያለባቸውን አራት አምስት ጽሑፎች ይዞ መሄድም ጠቃሚ ነው፤ ባለሙያዋ ፍለጋቸው እነዚያን ካላወጣ እንደገና ይጀምራሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ወረፋው ይቀላል።