ከ10 ወደ 20 ሜጋኸርዝ፦ የሂርማታዋ ጥገና ሱቅ ሥራ

ጅማ ውስጥ ስልክና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሞልቷል። ኦሲሌተር፣ ማለትም ቋሚ ድግግሞሽ ያለው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ፣ የሚገባው ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ያለችው ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከጠበቅኩት በላይ ሆና አገኘኋት።

የላብ ቴክኒሻን ነኝ። ያለኝ የ10 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ 10 ሚሊዮን ሞገድ) ኦሲሌተር ክሪስታሉ ማሞቂያ ባለው ሳጥን ውስጥ የታሸገ፣ ጥሩ ዓይነት ነው። ድግግሞሽ የምለካበት የፍሪኩዌንሲ መቁጠሪያዬ ግን ለማነጻጸሪያ 20 ይፈልጋል።

ቀላሉ መንገድ ኤክስኦር የሚባለው አይሲ (ቺፕ) ነው። ሞገዱ ሲወጣም ሲወርድም አንዳንድ ምት ይሰጣል፤ 10ሩ 20 ይሆናል። ባለሱቁ ጋሼ ግን "ለሌላ ሥራ ይበቃል፣ ለመለኪያ ግን አልሰጥህም" አሉኝ። ልክ ናቸው። የሞገዱ ሁለት አጋማሾች እኩል ካልሆኑ በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ አንዴ ጠበብ አንዴ ሰፋ እያለ ይመጣል። ቮልቴጁ ወይም ሙቀቱ ሲነቃነቅ ያ ልዩነትም አብሮ ይነቃነቃል።

እሳቸው የሠሩልኝ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ሁለት ሾትኪ ዳዮዶችና በፌራይት (የማግኔት ቁስ) ቀለበት ላይ በእጃቸው በጠመጠሙት ትራንስፎርመር ነው። ዳዮዶቹ የሞገዱን ሁለቱንም አጋማሽ ወደ አንድ ጎን ያዞሩታል፤ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ኤሲው ወደ ዲሲ ሲቀየር እንደሚሆነው ማለት ነው። ሚዛኑ ከተጠበቀ 10ሩ ይጠፋል፣ 20ው ይቀራል። ዳዮዶቹን አንድ በአንድ እየለኩ የሚመሳሰሉትን ጥንድ ሲመርጡ ቆሜ አይቻለሁ። ዋጋው ረከስ አይልም፤ ለዚህ ትዕግሥት ግን ይገባቸዋል።

ከሁሉም የወደድኩት 20ውን አሳልፎ ሌላውን የሚያስቀረውን ማጣሪያ ነው። በጣም ጠባብ ቢሆን የቀረውን 10 ድምጥማጡን ያጠፋው ነበር። ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ ሙቀት በተቀየረ ቁጥር የሞገዱን ፌዝ፣ ማለትም በጊዜ ያለበትን ቦታ፣ ይገፋዋል። ስለዚህ ሰፋ አደረጉት። ከዚያ ሁለቱን ሞገዶች የሞገድ ቅርጽ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ አውጥተው ማጣሪያውን በፀጉር ማድረቂያ አሞቁት። 20ው ከ10ሩ አንጻር ሲንሸራተት በዓይን አላየሁም። ደስ አለኝ!

መረጋጋቱስ? 10 ሜጋኸርዝ ላይ 0.01 ኸርዝ የነበረ መዛነፍ 20 ላይ 0.02 ይሆናል። በንጽጽር ያው ነው፤ ከቢሊዮን አንድ። የፌዝ ኖይዝ፣ ማለትም የፌዙ ጥቃቅን መንቀጥቀጥ፣ ግን በ6 ዲቢ (ዴሲቤል) ገደማ ይጨምራል። ድግግሞሽ እጥፍ ሲሆን የሚመጣ ነው፤ ማንም አያስቀረውም። የጥሩ ሠሪ ሥራ ከዚያ በላይ አለመጨመር ነው።

ዳዮዶቹ ኃይል ስለሚበሉ ማጉያ ገብቶለታል። ለማጉያው ለብቻው ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ሬጉሌተር አድርገውለታል፤ መብራታችንን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያልወደድኩት ሳጥኑን ነው። ክዳኑ በደንብ አይገጥምም፣ በጅማ ክረምት እርጥበት ይገባዋል። መግቢያና መውጫውም አልተጻፈበትም። ቀጠሮም ይዘገያል።

የምትሄዱ ኦሲሌተሩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ብትወስዱ አይሆንም፤ ጋሼ የሞገዱን ቅርጽ በዓይናቸው ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም።