የእማዬን ፎቶ ከጨው ውሃ ላወጣልን ልጅ

ይህን የምጽፈው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ሞባይል ስለሚጠግን አንድ ወጣት ነው። ፊት ለፊት አመስግኜዋለሁ። ግን አልወጣልኝም። ሰው ሁሉ ይወቅልኝ።

ወንድሜ ውጭ አገር ነው የሚኖረው። ከእማዬ ጋር ለ9 ዓመት አልተያዩም ነበር። ዘንድሮ እረፍት ሲያገኝ "ሲሸልስ እንገናኝ፤ እግረ መንገዳችንን እማዬን ባህር እናሳያት" አለኝ። ከቦሌ ተነስተን ማሄ ደሴት አረፍን። ቪክቶሪያ ወደብ ላይ ተገናኝተን ሦስታችንም አንዲት ትንሽ የሽርሽር መርከብ ላይ ተሳፈርን። ሲሸልስ ከ100 በላይ ደሴት አላት። መርከባችን በአንድ ቀን ሁለቱ ጋ ቆመች፤ ጠዋት ፕራስሊን፣ ከሰዓት ላ ዲግ። ከአንዱ ወደ ሌላው በጀልባ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ያደገችው ሰላሌ ነው። ከዚያ በፊት ያየችው ትልቁ ውሃ የቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ነበር።

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባል የዘንባባ ደን አለ። 20 ሄክታር አይሞላም፤ ግን በፈረንጆች 1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ኮኮ ደ ሜር የሚባል ዘንባባ ይበቅላል። ዘሩ በምድር ላይ ካሉት ዕፅዋት ዘር ሁሉ ትልቁ ነው፤ እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬው እስኪበስል 6 እና 7 ዓመት ይፈጃል። አስጎብኚው አነስ ያለውን አንስቶ ለእማዬ ሰጣት። እንደ ሕፃን ታቀፈችው። ፎቶ አነሳኋት።

እዚያው አስጎብኚው ስለ አንድ እንግሊዛዊ ጄኔራል ሲያወራ ጆሮዬ ቆመ። ለካ ጎርደን ፓሻ ነው! በፈረንጆች 1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተደራደረው፣ በኋላም ካርቱም ላይ የተገደለው። በ1881 ይህን ደን አይቶ ኤደን ገነት የነበረችው እዚህ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ለእማዬ ነገርኳት። ቀና ብላ ቅጠሎቹን አየችና "አይፈረድበትም" አለች።

ላ ዲግ ላይ ሰው በአብዛኛው የሚሄደው በብስክሌት ነው። በአንድ የድሮ የኮኮናት እርሻ ውስጥ በሬ እየዞረ የደረቀ ኮኮናት መጭመቂያ ያንቀሳቅሳል። እማዬ እየሳቀች "ይሄማ የውድማ በሬ ነው!" ብላ አጠገቡ ቆመች። እሱንም አነሳሁ። ከዚያ ወደ ባህሩ ወረድን። ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ ውሃው በመካከላቸው ይገባል፣ ይወጣል። እማዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባች። በመዳፏ ዘግና ቀመሰችው። "እውነትም ጨው ነው" አለች። ከዚያ ወንድሜ ትከሻ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ያንንም አነሳሁ።

ወደ መርከባችን በሚመልሰን ጀልባ ስሳፈር ስልኩ ከእጄ አምልጦ ባህር ገባ። ቦታው ጥልቅ ስላልነበር አንድ መርከበኛ ዘሎ አወጣልኝ። ትንሽ በርቶ ቆየና ጭልም አለ። መርከቡ ላይ ኢንተርኔት ውድ ስለነበር አንዱንም ፎቶ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩም። ወንድሜ ደግሞ "አንቺ አንሺ" እያለ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። የዘጠኝ ዓመት ናፍቆት እዚያ ውስጥ ቀረ።

አዲስ አበባ ስመለስ አንዱ ቤት "ባህር የገባ ስልክ አይነሳም" አለኝ። ሌላው ለስፔር ልግዛሽ አለኝ። ወደዚህ ልጅ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት።

መጀመሪያ የጠየቀኝ "እህቴ፣ ቻርጅ አድርገሽዋል?" ብሎ ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ፊቱ ቅጭም አለ፤ ግን አልተቆጣኝም። ወንበር ሰጥቶ አስረዳኝ። የባህር ውሃ ቢደርቅም ጨው ትቶ ይሄዳል። እርጥበት ባለበት ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ጨው ያለበትን መዳብ ይበላዋል። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጨውን አያወጣም። በአዲሶቹ ስልኮች ደግሞ ፎቶው ከቦርዱ (የስልኩ ዕቃዎች ከተበየዱበት ሰሌዳ) ጋር ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ሚሞሪውን ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ መግጠም ዋጋ የለውም። "ስልኩን እንደ ድሮው እመልሳለሁ አልልሽም። አንዴ ይነሳና ፎቶሽን እናውጣ። ካልተነሳ ገንዘብ አልቀበልሽም" አለኝ። እንደዚህ በግልጽ የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ከፈተው፤ መጀመሪያ ባትሪውን ነቀለ። በማይክሮስኮፑ አሳየኝ። ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት እንደ ሻጋታ ወጥቶበታል። በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ደጋግሞ አጠበው። አሁንም ሾርት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያለቦታው የሚያልፍበት ነጥብ፣ ነበረበት። በማግስቱ የሠራውን ቆሜ ስላየሁ ልንገራችሁ። ቦርዱን በስሱ አልኮል ቀባና ከፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኃይል ለቀቀበት። ሁሉም ቦታ እርጥብ ሆኖ ሳለ አንዲት ነጥብ ቀድማ ደረቀች። "አገኘኋት" አለ። የተበላሸችው ስለምትግል አልኮሉን ቀድማ ታደርቀዋለች። የጤፍ ፍሬ የማታህል፣ ካፓሲተር የምትባል የቦርዱ ዕቃ! ትንፋሹን ይዞ ሙቅ አየር በሚነፋው ሆት ኤር አነሳት። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ሥራው ለሌላ ቀን አደረ።

በአራተኛው ቀን ደወለ። "እናትሽን ይዘሻት ነይ" አለኝ። ስንገባ ስክሪኑን ወደ እማዬ አዞረው። ያ ትልቅ ፍሬ እቅፏ ውስጥ!

"ማዘር፣ ይሄ የታቀፉት ምንድን ነው?" አላት።

እማዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሁለቱን ደሴቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ አወራችለት። ወረፋ የያዙት ሰዎችም ቆመው ሰሙ።

ከ600 በላይ ፎቶ ወጣ። በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። መገልበጡን ለማረጋገጥ ሁለት ሦስቱን ብቻ ከፈተ። የቀረውን አላየም። ከኮምፒውተሩ ላይም እኔ እያየሁ አጠፋው። በተለይ ሴቶች ስልካችንን ለጥገና ስንሰጥ ሆዳችን የሚፈራው ይህንን ስለሆነ፣ ለእኔ ከጥገናው እኩል ነው። የተቀበለኝ 4,000 ብር ነው። እማዬ ልትጨምርለት ብትል "የተስማማነው ይበቃል" ብሎ መለሰላት። ግንባሩን ስማ "እጅህ ይባረክ" ብላ መረቀችው።

ስልካችሁ ውሃ ከገባበት አጥፉት። ቻርጅ ላይ አትሰኩት። ሳይውል ሳያድር ውሰዱለት። ስሙንና ቁጥሩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ። እሑድ የሚከፍተው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው።